አንድ ስልክ ከብዙ መሣሪያ ጋር በአንድ ጊዜ እንዴት ይገናኛል? (ስለ ብሉቱዝ ሥርዓትና አማና)

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ብሉቱዝ እንነጋገራለን። ርዕሱን ስትሰሙ «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን በጎብዬ ገበያ ዞር ዞር ብትሉ ከሻይ ቤቱ እስከ ባጃጁ፣ ከሞባይል ጠጋኙ ሱቅ እስከ መስጊዱ ብሉቱዝ ያልገባበት ቦታ አታገኙም። የባጃጁ ስፒከር ከሾፌሩ ስልክ መንዙማ ይቀበላል። ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በጆሮ ማዳመጫ ቁርኣን ያዳምጣል። በመስጊድም ደርሱ ከስልክ ወደ ስፒከር ይለቀቃል። እንግዲህ በየቀኑ የምንገለገልበትን ነገር አሠራሩን ማወቁ ተገቢ ነው። የማያውቁትን ዕቃ መያዝ ወይ ጥቅሙን ያስቀራል፣ ወይ ጉዳቱን ያመጣልና።

በዚህ ጉዳይ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ «ስልኬ ሰዓቴንም ጆሮ ማዳመጫዬንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ታዲያ ሁለት ስፒከር አብሮ መያዝ ለምን አቃተው?» የሚል ነው። ሁለተኛ፣ «ያላዘዝነው ስልክ መጥቶ የመስጊዱን ስፒከር እንዴት ሊይዘው ቻለ?» የሚል ነው። ሦስተኛ፣ «ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ ብሉቱዝ እንዴት ይሠራል?» የሚል ነው። ኢንሻአላህ በተራ እንመለከታቸዋለን።

ስሙና አመጣጡ

ብሉቱዝ የሚለው ቃል ትርጉሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን የገዛ ሃራልድ የሚባል ንጉሥ ቅጽል ስም ነበር። ይህ ንጉሥ ዴንማርክንና ኖርዌይን በአንድ አገዛዝ ሥር በማድረግ ይታወቃል። መሐንዲሶቹም ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ለማስማማት ላሰቡት ሥራ ስሙን ተዋሱት። በስልካችን ላይ የምናየው ምልክትም የንጉሡ ስም መነሻ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ፊደላት ተጣምረው የተሠራ ነው።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ ተሰባስበው አንድ ማኅበር መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመትም የመጀመሪያውን የጋራ ደንብ አወጡ። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እናስተውል። እነዚህ ኩባንያዎች በገበያ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በአንድ ደንብ በመስማማታቸው ዛሬ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ስልክ ሌላው ፋብሪካ ከሠራው ስፒከር ጋር ያለ ችግር ይግባባል። መገናኘት የሚቻለው አስቀድሞ በሥርዓት ከተስማሙ ብቻ ነው።

ብሉቱዝ ትንሽ ሬዲዮ ነው

ብሉቱዝ በመሠረቱ ሬዲዮ ነው። ልዩነቱ የእኛን ድምፅ ወደ እናንተ የሚያደርሰው ማሠራጫ ትልቅ ኃይል ሲኖረው፣ በስልክ ውስጥ ያለው ግን እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ የሚደርሰው እስከ 10 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ማነሱ ግን ጉድለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ባትሪ ይቆጥባል፣ ጎረቤትንም አይረብሽም።

ሞገዱ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ነው። ዋይፋይም በዚሁ ሰፈር ይሠራል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም እንዲሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ በአንድ ሰፈር ተጨናንቆ እንዴት አይደባለቅም? የብሉቱዝ ብልሃት በአንድ መስመር ላይ አለመቆየቱ ነው። ድምፅ የሚያስተላልፈው የተለመደው ብሉቱዝ 79 ጠባብ መስመሮች አሉት። ሁለቱ የተገናኙ መሣሪያዎች በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘላሉ። የዝላዩን ቅደም ተከተል የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ እኩል ይዘላሉ። በአንዱ መስመር ላይ ሌላ ሰው ቢያጋጥማቸው የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ እርሱም በድጋሚ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ ደግሞ ዋይፋይ የያዛቸውን መስመሮች እያወቁ መዝለል ተጨመረላቸው። በገበያ ቀን በመቶ የሚቆጠር ስልክ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ሳለ የእያንዳንዱ ድምፅ ሳይደባለቅ ወደ ባለቤቱ የሚደርሰው በዚህ ነው።

ሸይኹና ደረሶቹ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። አንዱ ስልክ ብዙ መሣሪያ እንዴት ይይዛል?

በወሎ የቂርኣት ልማድ ሸይኹ አንድ ናቸው፤ ደረሶቹ ግን ብዙ ናቸው። አንዱ ፊቅህ ይቀራል፣ ሌላው ነሕው፣ ሌላው ተፍሲር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢያነቡ ማንም አይደመጥም። ስለዚህ ደረሳው ተራው ሲደርስ ቀርቦ ኪታቡን ያነባል፤ ሸይኹ ያርሙታል፣ ያብራሩለታል፤ ከዚያ ቦታውን ለቀጣዩ ይለቃል። ከውጭ ለሚያይ ሸይኹ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የያዙ ይመስላል። በእርግጥ ግን በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚያስተናግዱት አንድ ደረሳ ነው።

ብሉቱዝም እንደዚሁ ነው። በአንድ ላይ ከተገናኙት መሣሪያዎች አንዱ መሪ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ነው። የቀሩት ተከታዮች ናቸው። መሪው ጊዜውን እጅግ ጥቃቅን አድርጎ ይከፋፍለዋል። አንዱ ክፍል 625 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ይህም ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያንሳል። በአንዱ ክፍል ለሰዓቱ ይናገራል፣ በቀጣዩ ሰዓቱ ይመልሳል፤ ቀጥሎ ለጆሮ ማዳመጫው ይናገራል፣ እርሱም ይመልሳል። መሪው ሳይጠራው የሚናገር ተከታይ የለም። ፍጥነቱ ከፍተኛ በመሆኑ ለእኛ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ይመስለናል።

በዚህ በተለመደው ብሉቱዝ አንድ መሪ በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ ሊያቆያቸው የሚችለው ተከታዮች ብዛት 7 ነው። ምክንያቱም ለአድራሻ የተመደበው ቦታ ስምንት ቁጥሮችን ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ አንዱ ለሁሉም በጋራ ለሚነገር መልእክት ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ኃይል ቆጣቢው ብሉቱዝ ግን ይህ ገደብ የለበትም። እዚያ ቁጥሩን የሚወስነው የመሣሪያው አቅም ነው።

እንግዲህ «ሰባት መያዝ ከቻለ ሁለት ስፒከር ለምን አቃተው?» ያልን እንደሆነ መልሱ በሥራው ክብደት ላይ ነው። ሰዓት አልፎ አልፎ ጥቂት ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ስፒከር ግን ሳያቋርጥ ይጠጣል። በተለመደው ብሉቱዝ ድምፅ የሚላከው ከአንድ ወደ አንድ ነው። ሁለት ስፒከር ካለ ያው ድምፅ ሁለት ጊዜ መላክ አለበት። ብዙ ስልኮች ይህን እንዲያደርጉ አልተሠሩም። የሚችሉ ስልኮችም አሉ፤ ለምሳሌ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮች ለሁለት ማዳመጫ አብረው ይልካሉ። ሌላው መንገድ ስፒከሮቹ ራሳቸው እንዲተጋገዙ ነው። ስልኩ ለአንዱ ይልካል፤ እርሱም ለጓደኛው ያቀብላል። ይህ ግን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ስፒከሮች ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ለወንዶችና ለሴቶች ክፍል ሁለት ስፒከር ለመግዛት ያሰበ ጀማዓ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም አብሮ አሠርቶ ይሞክር።

ኹጥባና አዲሱ ብሉቱዝ

ከደርስ የተለየ ደግሞ ኹጥባ አለ። ኸጢቡ አንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ አሥር ሰው ቢሰማም ሺህ ሰው ቢሰማም ድካማቸው አይጨምርም። ከአድማጭ የሚጠበቀው ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው አዲሱ የብሉቱዝ ድምፅ ሥርዓት ይህን መንገድ ከፈተ። ኦራካስት የሚል ስም የተሰጠው በ2022 ነው። በዚህ መንገድ አንድ አስተላላፊ ድምፁን ወደ አየር ይለቃል፤ በአቅራቢያው ያሉ፣ ሥርዓቱን የሚያውቁ ማዳመጫዎች ሁሉ ቁጥር ሳይገደብባቸው ይቀበላሉ።

ይህ ለመስጊድ ያለውን ጥቅም እናስብ። ጆሯቸው የደከመ አባትና እናት በመስማት መርጃቸው ኹጥባውን በቀጥታ ከሚንበሩ መስማት ይችላሉ። ዐረብኛውን የማያውቅ ትርጉሙን በሌላ መስመር ሊከታተል ይችላል። አስተላላፊውም ተቀባዩም አዲሱን ሥርዓት የሚያውቁ መሆን ስላለባቸው ነገ ጠዋት በየገጠሩ ይገኛል አንልም። ነገር ግን ለመስጊድ ዕቃ የሚገዙ ወገኖች ይህ ነገር መኖሩን አውቀው ቢጠይቁ መልካም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በተለመደው ብሉቱዝ የሚላክ ድምፅ በመጠኑ ይዘገያል። ስልኩ ድምፁን ይጠቀልላል፣ ይልካል፤ ስፒከሩ ፈትቶ ያሰማል። ይህ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለደርስ ምንም አይደለም። በሰላት ጊዜ ግን ከኋላ ያለው ሰው የኢማሙን ተክቢራ ዘግይቶ ይሰማል፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ለሰላት የሚሆነው በሽቦ የተገናኘው ማይክሮፎን ነው። ብሉቱዙ ለደርስና ለማስታወቂያ ይሁን።

ማጣመርና ፈቃድ

ሁለተኛው ጥያቄ የመስጊዱ ስፒከር ባልታሰበ ስልክ መያዙ ነበር። በብዙ ቦታ የሚያጋጥም ነገር ነው። ደርሱ በመሰማት ላይ ሳለ ድንገት ይቋረጥና ከስፒከሩ ዘፈን ይወጣል። ሰው ይደነግጣል፤ በር ላይ የቆመው ልጅ ይሸማቀቃል። ልጁ ግን ሆን ብሎ ያደረገው ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ማጣመርና መገናኘት የተለያዩ መሆናቸውን እንወቅ። ማጣመር መተዋወቅ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ጊዜ ሲተዋወቁ የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፣ እርሱንም መዝግበው ይይዛሉ። መገናኘት ደግሞ የተዋወቁት በተገናኙ ቁጥር የሚሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ አይጠየቅም። አንድ ስፒከር ብዙ ስልክ ያውቅ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስተናግደው ግን አንዱን ነው። አንዳንዱ ሁለት ይይዛል። እንግዲህ ልጁ ባለፈው ረመዳን ስልኩን ከመስጊዱ ስፒከር ጋር አጣምሮ ከነበረ፣ ዛሬ ብሉቱዙን ከፍቶ በደጃፍ ሲያልፍ የቀድሞ ወዳጁን ሊይዘው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የስፒከሩን የትውውቅ መዝገብ ማጥፋት፣ ከዚያም አንድ የታወቀ ስልክ ብቻ ማጣመር ነው። ያ ስልክ ሲም ካርድ የሌለው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በደርስ መሐል ጥሪ መጥቶ በስፒከሩ አይጮኽምና።

ዲናችን የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ሰላምታ እንድናቀርብና ፈቃድ እንድንጠይቅ ያስተምረናል። ሦስት ጊዜ ጠይቆ ያልተፈቀደለት ይመለሳል። የብሉቱዝ ማጣመርም በፈቃድ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ደንብ በሁለቱም ስልኮች ላይ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር እንዲታይና ባለቤቶቹ አስተያይተው እንዲያረጋግጡ ያደርጋል። ቁጥሩ አንድ ካልሆነ በመሐል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሳናነብ «እሺ» የሚለውን መጫን በሩን ማን እንዳንኳኳ ሳያዩ መክፈት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ካቢር የሚባል ቫይረስ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይዛመት ነበር። የሚገባውም ስልኩ ጠይቆ ባለቤቱ ሲፈቅድለት ነበር። ብዙ ሰው ፈቀደለት።

የማሽላው ትምህርት

ለራያ ገበሬ አቀንጭራን ማስተዋወቅ አያሻም። የማሽላ ጠላት ነው። ዘሩ ከአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ማሽላው ሳያውቅ «እዚህ አለሁ» ይለዋል፤ እርሱም ተነሥቶ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) በአገራችን ከተለቀቁት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ የከተማችንን ስም የያዘው «ጎብዬ» ነው። የዚህ ዓይነቶቹን ዝርያዎች ያገኙት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። የዝርያው ብልሃት ምንድን ነው? ሥሩ ያንን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ብቻ ማውጣቱ ነው። ካልጠራው አይነቃበትም።

ስልካችንም ብሉቱዙ ተከፍቶ «ለሁሉም ይታይ» በሚለው ላይ ሲሆን ስሙን ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። ሥራ ሲኖረን እንክፈተው፤ ስንጨርስ እንዝጋው። የስልኩንም ስም ሙሉ ስማችንን ወይም ቁጥራችንን አናድርገው። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ በርን እንደ መዝጋት ነው።

ኔትወርክ በሌለበት

ሦስተኛው ጥያቄ ለአካባቢያችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦና ወልድያ በደረሰ ጊዜ የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ረዥም ጊዜ ቆይቷል። ብሉቱዝ ግን ማማ አይፈልግም፣ ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ካርድ አያስሞላም። ሁለት ስልክና የሞላ ባትሪ ካለ ይሠራል። ደርስ፣ ቂርኣት፣ ፎቶ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

ፍጥነቱ ግን የተወሰነ ነው። የአንድ ሰዓት ደርስ በተለመደው ጥራት 58 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ይህን በብሉቱዝ ለመላክ ነገሩ ሁሉ ቢመቻች እንኳ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እንደ ዜንደር ያሉት በፍጥነት የሚልኩት በብሉቱዝ ሳይሆን አንዱ ስልክ ዋይፋይ ከፍቶ ሌላው እየገባበት ነው። እነርሱም ቢሆኑ ለመላላኩ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ድምፅ የሚቆራረጥባችሁም ከሆነ መሐል ያለውን ተመልከቱ። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጣል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም ያዳክመዋል። ስልኩን ከኪስ አውጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የተላከ አይመለስም

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዋናውን ጉዳይ ለመጨረሻ አስቀምጠነዋል። በኢንተርኔት የተለጠፈ ነገር አንዳንዴ ይነሣል፤ የለጠፈው ሰው ያጠፋዋል። በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ግን ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። በሠርግ ላይ እህቶቻችን በመካከላቸው የተነሡት ፎቶ በአንድ «ላኪልኝ» ከቤት ይወጣል፤ ከዚያ በአሥር ሜትር በአሥር ሜትር እየተሻገረ ሮቢትና ቆቦ ይደርሳል። በዚህ ሰበብ የተበተነ ትዳርና የተሸማቀቀች ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። የሰው ምስልና ድምፅ አማና ነው። የላከም የተቀበለም ይጠየቅበታል። ባለቤቱ ያልፈቀደውን አንቀበል፤ ከደረሰን ሳናሳልፍ እናጥፋው። መሰለልና የሰውን ነውር መከታተል በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ሱራ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል። ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚመጣ የድምፅ መልእክት ምንጩ አይታወቅም። «እገሌ ተገደለ፣ እገሌ እየመጣ ነው» የሚል ድምፅ ሰፈር ያተራምሳል። ደርስም ቢሆን የኡስታዙ ስም የሌለበት፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የተቆረጠ ሲመጣ አናሠራጨው። የዲናችን ዕውቀት ከማን እንደተወሰደ እየተጠየቀ የመጣ ነውና፣ የምንልከውን ደርስ የኡስታዙን ስምና የኪታቡን ርዕስ ጽፈን እንላክ።

በአጠቃላይ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ አየር ላይ ሳይጋጩ የሚሠሩት ተራ ስለሚጠብቁ፣ ሳይፈቀድላቸው ስለማይገቡና አንዱ ሌላው የያዘውን መስመር ስለሚተውለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመስጊድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚቀሩ ሰዎችን አንዱ በሌላው ላይ ድምፁን እንዳያነሣ መክረዋል። ሕይወት የሌለው ዕቃ የጠበቀውን ሥርዓት እኛ በእጃችን ይዘነው ስንዞር ልናጎድለው አይገባም።

አላህ (ሱ.ወ) ያወቅነውን የምንሠራበት፣ የሰውን ምስጢር የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።